የሕክምና ጥናት ላይ ተሳተፉ ሲሏችሁ፦ ጎጃም ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ነርስ ነኝ፤ ለጥናት መረጃ ስሰበስብም ቆይቻለሁ፤ እነዚህ ሰዎች በየደጃፉና በተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ደጋግመው የጠየቁኝ ናቸው።

የሕክምና ጥናት ከሕክምና በምን ይለያል?

ሕክምና ለእናንተ ነው። ሐኪሙ ክኒን ሲያዝ የሚያስበው የእናንተን ራስ ምታት፣ የእናንተን ደም ግፊት ነው። ጥናት ግን የራሱ ጥያቄ አለው። ይሄ መድኃኒት ከዚያኛው ይሻላል ወይ? ይህ በሽታ እዚህ ቀበሌ ስንቱን ሰው ይዟል? መልሱ ለእናንተም ሊበጅ ይችላል፤ ላይበጅም ይችላል። አንዳንዴ የሚጠቅመው ከዓመታት በኋላ ለሚታመም፣ ለማታውቁት ሰው ነው።

ጥናት ሁሉ መድኃኒት መሞከር አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጥያቄ መጠየቅ፣ ክብደት መመዘን፣ የካርድ ክፍል ገብቶ ካርድ ማገላበጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ምን ልታደርጉኝ ነው?" ነው። ቃለ መጠይቅ ብቻ ከሆነ ጊዜያችሁን ነው የሚወስደው። ክኒን ወይም መርፌ ካለው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ረጋ ብላችሁ ተቀመጡና አዳምጡ።

ታዲያ ጤና ጣቢያው አዲስ አሠራር ባመጣ ቁጥር ጥናት ነው?

አይደለም። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የደም ግፊት ታካሚዎቻችን ቀጠሮ ይረሱ ነበር። ካርዱ ላይ "ከ30 ቀን በኋላ" እንጽፋለን፤ ማን ይቆጥራል? አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "በበዓሉ እንጻፍላቸው" አለች። ከዚያ ወዲህ "የሚካኤል ማግስት"፣ "የማርያም ዋዜማ" ማለት ጀመርን። 12 እና 21 መቼ እንደሚውሉ እኛ አገር ሕፃን ልጅም አይስተውም። የሚቀሩት ቀነሱልን።

ይሄ የአሠራር ማሻሻያ ነው። የማንንም ፈቃድ አልጠየቅንም፤ ማንንም አይጎዳም። ግን ደግሞ "የቀነሰው በዚህ ምክንያት ነው" ብዬ ልምልላችሁ አልችልም። አጨዳው አልቆ ሰው ፋታ ስላገኘም ሊሆን ይችላል። ለይቶ ለማወቅ ሌላ ጤና ጣቢያ አጠገቡ አድርጎ ማወዳደር ያስፈልጋል። ያኔ ጥናት ይሆናል።

ጎጃም ውስጥ የተሠራ፣ ጥቅሙ የታየ ጥናት አለ?

አለ። ሁለት ልንገራችሁ። የመጀመሪያው የዓይን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ውስጥ በትራኮማ ላይ ትልቅ ጥናት ተሠርቷል። 72 ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ ተመደቡ። አዚትሮማይሲን የሚባለውን መድኃኒት በዓመት አንዴ መስጠት ይሻላል ወይስ ሁለቴ? ልጆችን ብቻ በየሦስት ወሩ ብናክምስ? እያሉ አወዳደሩ። አንዳንዶቹ ዘንድ መጸዳጃ ቤት ማስቆፈርም ተጨምሮ ነበር። እዚያ ላይ በጥናቱ ጊዜ ውስጥ ተጨማሪ ልዩነት አልታየም። ጥናት አንዳንዴ እንዲህ እጁን ዘርግቶ ይመለሳል፤ እሱም ውጤት ነው።

ያልተጠበቀው ሌላ ነው። መድኃኒቱን የወሰዱት መንደሮች ውስጥ ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ሞት፣ ካልወሰዱት ጋር ሲወዳደር፣ ወደ ግማሽ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ለዓይን የተሰጠ መድኃኒት! በኋላ ይሄው ሐሳብ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ በሰፊው ተፈተነ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ውጤት እንደሚለው እዚያም የሕፃናት ሞት ቀንሷል፤ በ13.5 በመቶ። ከጎንቻ የተነሳ ነገር ኒጀር ድረስ ሲሄድ ደስ አይልም?

ሁለተኛው የእግር ነው። በባዶ እግር ቀይ አፈር የሚረግጠውን ገበሬ የሚያሳብጠው፣ እኛ በጥቅሉ ዝሆኔ የምንለው፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ2015 ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ወዲያው እግራቸውን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ለሚያስፈልገው ፋሻ ማሰር፣ እግር ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ጀመሩ። ሌሎቹ ያንኑ ከ12 ወር በኋላ አገኙ። እግሩ ተነስቶ የሚያተኩስበትና አልጋ የሚያስይዝበት ጊዜ ገና በሚጠብቁት ዘንድ ለአንድ ሰው በዓመት 23.9 ሲሆን፣ ወዲያው በጀመሩት ዘንድ 19.4 ሆነ። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ግን አንዱ ግርሻ ብቻ ስንት ቀን ከእርሻ እንደሚያስቀር የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁሉም በርካሽ ዕቃ፣ ቤት ውስጥ።

ጥናቱን ማን ነው የሚፈቅደው? ቀበሌው ደብዳቤ አለው ብሎናል።

የቀበሌ ደብዳቤ "እነዚህ ሰዎች ሲመጡ ተባበሯቸው" ነው የሚለው። ከዚያ አያልፍም። ጥናቱ ሰውን እንዳይጎዳ የሚመረምረው የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው አላቸው፤ ባሕር ዳር ያለው የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ይገመግማል። አዲስ መድኃኒት የሚሞከር ከሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም መፍቀድ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ የሚባለው የዓለም ሐኪሞች ስምምነትም ያለ ገለልተኛ ግምገማ ሰው ላይ ጥናት አይሠራም ይላል።

የኮሚቴው ስምና ስልክ በሚሰጣችሁ ወረቀት ላይ መኖር አለበት። ከሌለ "ረስተውት ይሆናል" ብላችሁ አትለፉት።

የቀበሌው ሊቀ መንበር እሺ ማለቱም ለእናንተ እሺ ማለት አይደለም። ይሄን ደጋግሜ የምናገረው "ቀበሌ አዟል" ተብለው ተሰልፈው ያገኘኋቸው ሰዎች ስላሉ ነው።

እምቢ ብል ሕክምና ይከለክሉኛል?

አይከለክሏችሁም። ካርዳችሁ እዚያው ነው፤ መድኃኒታችሁም እንደ ወትሮው ነው። ከገባችሁ በኋላም ጥላችሁ መውጣት ትችላላችሁ፤ ምክንያቱን የመናገር ግዴታ የለባችሁም። ክኒን ጀምራችሁ ከሆነ ግን ከመውጣታችሁ በፊት ንገሩን። አንዳንዱ መድኃኒት በአንዴ ሲቆም ይጎዳል።

ይከፈለናል?

ደሞዝ የለም። የመኪናና የዋላችሁበት ጊዜ ማካካሻ ሊኖር ይችላል። ጤፍ በሚታጨድበት ሳምንት ደብረ ማርቆስ ድረስ ኑ የተባለ ገበሬ ባዶ እጁን ቢመለስ ግፍ ነው። ገንዘቡ ከተገመተው በላይ በዝቶ ካያችሁት ግን ቆም በሉ። ሰው ለብር ብሎ የማይፈልገው ነገር ውስጥ እንዳይገባ ነው ልክ የሚበጅለት። ጥናቱ ለሚፈልገው ምርመራ ከኪሳችሁ ክፈሉ ቢሏችሁ ደግሞ "ለምን?" በሉ።

ማንበብ አልችልም። አሻራዬን ምን ላይ ነው የማሳርፈው?

ቅጹ በአማርኛ ይነበብላችኋል። አንባቢዋ እስክትጨርስ በጨዋነት አትጠብቁ፤ ያልገባችሁ ቦታ ላይ አስቁሟት። ከጥናቱ ቡድን ያልሆነ ምስክርም አብሮ ይቀመጣል። የሚነበበው ወረቀቱ ላይ ያለው መሆኑን አይቶ እሱም ይፈርማል። የምታምኑት፣ ፊደል የቆጠረ ጎረቤት ጥሩ።

የራሴን ጥፋት ላውጋችሁ። ሰኔ ነበር፤ ዝናብ ሊጥል ደመናው ወርዷል። አምስት ቤት ቀርቶኛል። አንድ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ቆሜ ቅጹን እንደ ዳዊት ደጋሚ በአንድ ትንፋሽ አነበነብኩት። አያ ዝም ብለው ሰሙኝ። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን አደረጉ፤ ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ጣታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ "ልጀ፣ ዩሪያው መቼ ነው የሚመጣ?" አሉኝ።

የማዳበሪያ ምዝገባ መስሏቸው ነበር። ምስክር ብዬ ያቆምኩት ልጅም አብሮ ዩሪያ ሲጠብቅ ነበር። ቅጹን ሰረዝኩት። መደቡ ላይ ቁጭ ብዬ እንደገና ጀመርኩ፤ በራሴ አማርኛ። አሁን ገባቸው። ገብቷቸውም "እሱማ ከሆነ ይቅርብኝ" አሉ። ቆሎ አቀረቡልኝ፤ ዝናቡ እስኪያባራ ተጫወትን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንብቤ ስጨርስ "እስቲ አሁን እኔ ምን አልኩ?" ብዬ ሳልጠይቅ ቀለሙን አልከፍትም። እናንተም በራሳችሁ አፍ መልሳችሁ መናገር ካቃታችሁ አልገባችሁም ማለት ነው፤ ጥፋቱም የአስረጂው ነው።

የእግሩን ጥናት የሠሩት ሰዎች ይሄን ቀድመው አስበውበታል። ጥናቱን ከመጀመራቸው በፊት ሕዝቡ ዘንድ ሄደው "እንዴት ብናስረዳችሁ ይገባችኋል? ምኑ ያስፈራችኋል?" ብለው ጠይቀዋል። ወጪው ብዙ አይደለም። ለምን ሁሉም እንደማያደርገው አይገባኝም።

ደሜን ወስደው ምን ያደርጉታል?

መጀመሪያ መጠኑን እንነጋገር። በብዛት የሚወሰደው 5 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ። አዋቂ ሰው ወደ 5 ሊትር ደም አለው፤ ደም የሚለግስ ሰው ወደ 450 ሚሊ ሊትር ሰጥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ስለዚህ በሻይ ማንኪያው አትመነምኑም።

የት እንደሚሄድ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ፣ ወደ ውጭ አገር ይላክ አይላክ ቅጹ ላይ መጻፍ አለበት። "ለዚህ ጥያቄ ብቻ ተጠቀሙበት፣ የተረፈውን አስወግዱት" ማለት ትችላላችሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ፍርሃት ግን ሌላ ነው። "ዘራችንን ሊያጋልጡ ነው" የሚል። እግራቸው ያበጠ ሰዎች ቤት ልጅ ለማጨት የሚያንገራግር ሰው ስላለ ፍርሃቱ ከመሬት አልተነሳም። ከደቡብ ኢትዮጵያ በተወሰደ ናሙና የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በበሽታው ቶሎ የመያዝ ዝንባሌ በዘር እንደሚወረስ አሳይቷል። ዝንባሌ ነው ያልኩት። አፈሩን በባዶ እግሩ ካልረገጠ ያ ዝንባሌ ብቻውን እግር አያሳብጥም። ጫማ አድርጎ ያደገ ልጅ ይተርፋል። ያም ሆኖ ስማችሁ ከናሙናው ጋር አይጻፍም፤ ቁጥር ነው የሚሰጠው። ቁጥሩንና ስሙን የሚያገናኘው መዝገብ የት ተቆልፎ እንደሚቀመጥ ጠይቁ።

ጠበል እየተጠመቅሁ ጥናት ላይ መሆን እችላለሁ?

ትችላላችሁ። አትደብቁን እንጂ። የሚያስቸግረው ጠበሉ ሳይሆን "ክኒኑን ካልተውክ አይሠራም" የሚለው ወሬ ነው። ሁለቱንም ይዘው የሚሄዱ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ጾሙንም ንገሩን። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ክኒን ካለ ሰዓቱን እናስተካክላለን፤ ከንስሐ አባታችሁም ጋር ተነጋገሩ።

የሚጠጣ ቅጠልና ሥር ግን በግልጽ ይነገር። አንዳንዱ ጉበት ይጎዳል። እናንተ ሳትናገሩ ጉበታችሁ ቢታመም አጥኚው በክኒኑ ያሳብባል፤ መረጃውም ይበላሻል።

ባለቤቴን ማስፈቀድ አለብኝ? ለልጄስ ማን ይፈርማል?

18 ዓመት የሞላት ሴት ለራሷ ትፈርማለች። ባሏን ማማከር ከፈለገች ታማክር፤ ግን እሱ ለእሷ መፈረም አይችልም። ከ18 በታች ለሆነ ልጅ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርማል። ነፍስ ያወቀ ልጅ ደግሞ እሱም ይጠየቃል። አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ "አልፈልግም" ብሎ እያለቀሰ እጁን ይዞ ደም መቅዳት አይቻልም፤ አባቱ መቶ ጊዜ ቢፈርምም።

"በዕጣ ነው" ይላሉ። ጤና በዕጣ ይሆናል እንዴ?

ይሄ ሲነሳ ሰው ይቆጣል፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ተቆጥቻለሁ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ሐኪሙ እሱ የፈለገውን መርጦ ለአዲሱ ሕክምና ቢመድብ፣ መጨረሻ ላይ የዳኑት በመድኃኒቱ ይሁን ድሮም ጠንካሮቹን ስለመረጠ ይሁን አይታወቅም። ዕጣው አድልዎውን ያወጣዋል። ደግሞም ዕጣ የሚጣለው የትኛው እንደሚሻል ገና ስላልታወቀ ነው። ከታወቀማ ዕጣው ለምን? አንዳንድ ጥናት ላይ ባዶ ክኒን የሚደርሰው ሰው ይኖራል። ይሄ አስቀድሞ ሊነገራችሁ ይገባል።

የእግሩንና የዓይኑን ጥናት ሳስረዳ በዕቁብ ነው የምጀምረው። ሁሉም ይደርሰዋል፤ አንዱ ዘንድሮ፣ አንዱ ለከርሞ። ሰው ቶሎ ይገባዋል። ግን ምሳሌው ሙሉ አይደለም፤ ይከነክነኛል። ዕቁብ መጨረሻ የደረሰው ሰው የሚቀበለው ብር ያው ነው። እዚህ ግን ዓመቱን ሙሉ እግሩ እየተነሳበት የጠበቀ ሰው አለ። ያለዚያ ሰው ደግሞ ሕክምናው እንደሚሠራ ማንም ማሳየት አይችልም ነበር። ይሄን ለእሱ ፊት ለፊት ሳልነግረው "ዕቁብ ነው" ብዬ ብቻ ብሄድ ማታለል ይሆናል።

ብጎዳስ ማን ያሳክመኛል?

ይሄን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። በጥናቱ ምክንያት የመጣ ጉዳትን ጥናቱ ያሳክማል፤ እንዴት እንደሆነ ቅጹ ላይ ይጻፋል። ሆስፒታል የሚያስተኛ ጉዳት ሲደርስ አጥኚው ለኮሚቴው በፍጥነት ማሳወቅ አለበት። ኔትወርክ በሌለበት ስልክ ቁጥር ብቻ ምን ያደርጋል ካላችሁ ልክ ናችሁ። የተሳታፊነት ካርዱን ከመታወቂያችሁ ጋር ያዙት፤ የትኛውም ጤና ጣቢያ ስትገቡ አሳዩ።

አጥኚው የራሴ ሐኪም ነው። እንዴት ብዬ ነው እምቢ የምለው?

ይሄ ከሁሉ ይከብደኛል። እኛ ዘንድ ሰው ፊት ለፊት እምቢ አይልም። ይሉኝታ አለ። ልጁን ያዳነለት ሐኪም ሲጠይቀው "እሺ፣ ምን ችግር አለ" ይላል። በቀጠሮው ቀን ይቀራል። እኛ መዝገቡ ላይ "የጠፋ" ብለን እንጽፋለን። የት ጠፋ? ቅዳሜ ገበያ ላይ አግኝቼው ሰላም ተባብለናል። እምቢ ማለቱ ነው፤ በእኛው ደንብ።

ሐኪሙ ሳይሆን ሌላ ሰው እንዲያስረዳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ከዚያ የሚቀለው ደግሞ "ከቤተሰብ ልማከር" ማለት ነው። ማንንም አያስቀይምም፤ መብታችሁም ነው። ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ። ዛሬውኑ ካልፈረማችሁ የሚላችሁ ሰው ካለ ያ ራሱ መልስ ነው።

ውጤቱን ለምን አይነግሩንም?

እውነት ነው፣ ብዙዎቹ አይመለሱም። ውጤቱ በእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ ይወጣል፤ ጥያቄውን የመለሰው ገበሬ አያየውም። እኔም በሰበሰብኩት መረጃ የተጻፈ ነገር አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም ልካልኝ ነው ያየሁት። ከመፈረማችሁ በፊት "ውጤቱን መቼ፣ የት መጥታችሁ ትነግሩናላችሁ?" በሉ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ሲስተር፣ ማታ ማታ ደብተርሽ ላይ የምትጽፊው ምንድን ነው? ስለ እኔ ነው?

አንዳንዴ አዎ። ከጥናቱ ቅጽ ጋር አይገናኝም፤ ስምና ቀበሌ የለበትም። ቅጹ ላይ "እግሩ ስንት ጊዜ ተነሳበት?" የሚል ሳጥን አለ። ያጠፋሁትን፣ ያስቸገረኝን፣ ያላስተዋልኩትን የማስገባበት ሳጥን ግን የለም። የዩሪያው ቀን ያለው ደብተሩ ላይ ነው። አሁን አሁን የሕክምና ተማሪዎችንም እንዲህ እንዲጽፉ የሚያደርጉ መምህራን አሉ። እኔ ማንም ሳያዘኝ ነው የጀመርኩት።

አንዲት እግሯ ያበጠ ሴት "ስለ እኔ የጻፍሽውን አንብቢልኝ" አለችኝ። አነበብኩላት። "በእግሯ ታፍራለች፤ ሠርግ ቤት አትሄድም" ይላል። ሳቀች። "እኔ መቼ አፈርኩ? እሄዳለሁ። እንጀራ አሳልፊ የሚለኝ የለም እንጂ። ያፈሩት እነሱ ናቸው፤ እንደሱ ብለሽ ጻፊው" አለች። ስክሪፕቶዬን አወጣሁ። የድሮውን አልሰረዝኩትም፤ ከሥሩ የእሷን ጻፍኩ። አንብቢልኝ አለች፤ እንደገና አነበብኩላት።